ለሁለቱም ቡድን ያጨበጨበችው ልጅ

(«ስታርገርል» ስለተባለው ልብ ወለድ የቀረበ ሂስ)

ባለፉት ሁለት ወራት በካምፓችን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሰነበተ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ በካርቶን የተለበጠ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አለ። ስሙ «ስታርገርል» ይባላል። ደራሲው አሜሪካዊው ጄሪ ስፒኔሊ ሲሆን መጽሐፉ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በማታው የንባብ ክበባችን እየተነበበና በአማርኛ እየተተረከ እነሆ ወደ ፍጻሜው ደርሷል። ይህን ሂስ ለመጻፍ ያነሣሣን ግን የመጽሐፉ መወደድ ብቻ አይደለም። መጽሐፉ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ይነበብ አይነበብ የሚል ክርክር በወላጆችና በመምህራን መካከል ተነሥቷል። «ልጆቻችንን እንቢተኝነት ያስተምራል» ያሉ አሉ፤ «ሴት ልጅ እንደ ልቧ እንድትሆን ይሰብካል» ያሉ አሉ፤ «የጠገበ አገር ጨዋታ ነው፣ ለእኛ ምናችን ነው?» ያሉም አሉ። ክርክሩ በቧንቧ ወረፋ ላይ በወሬ ከሚያልቅ በጽሑፍ ቢቀርብ ይሻላል ብለን ይህን አዘጋጅተናል።

መጽሐፉን ላላነበቡ ታሪኩን ባጭሩ እንንገር። ቦታው በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት፣ በበረሃ መካከል የምትገኝ ማይካ የምትባል ከተማ ናት። ተራኪው ሊዮ ቦርሎክ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ፣ እስከዚያ ድረስ በቤቷ ስትማር የቆየች አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ልጅ ትመጣለች። የጥንት ዘመን የሚመስል ረጅም ነጭ ቀሚስ ትለብሳለች፤ ዩኩሌሌ የሚባል ባለ አራት አውታር ትንሽ ጊታር ትይዛለች፤ «ቀረፋ» ብላ ስም ያወጣችለትን አይጥ በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች፤ በምግብ አዳራሽ የልደቱ ቀን ለሆነ ተማሪ ሁሉ ፊት ለፊቱ ቆማ ትዘፍናለች። ስሟን ሲጠይቋት ስታርገርል ነኝ ትላለች። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ሱዛን ካራዌይ ነው፤ እርስዋ ግን ስም ከሰው ጋር አብሮ ካላደገ ይለወጣል የምትል ናት።

ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ ቀጥሎ ይወዷታል። በግጥሚያ ጊዜ እየጨፈረ ተጫዋቾችን የሚያበረታታው የልጃገረዶች ቡድን አባል ትሆናለች። ዩኩሌሌ የሚገዛ፣ አይጥ የሚያሳድግ ይበዛል። ከዚያ ይጠሏታል፤ በመጨረሻም እንደ ሌለች ይቆጥሯታል። ሊዮ ይወዳታል፣ እርስዋም ትወደዋለች፤ በዚህም ምክንያት እርሱም አብሯት እንደ ሌለ ይቆጠራል። ይህን መሸከም ሲያቅተው እንደ ሌሎቹ እንድትሆን ይለምናታል። እርስዋም ለእርሱ ስትል ተራ ልብስ ለብሳ ሱዛን ትሆናለች።

ወደ አማርኛ ስንመልሰው ካስቸገሩን ነገሮች አንዱ ስሟ ነበር። «የኮከብ ልጅ» ብንለው ቃሉን እንጠብቅ ነበር። ነገር ግን በእኛ ቋንቋ ኮከብ ከዕድል ጋር የተያያዘ ነው፤ ኮከብ ቆጣሪ አለ፣ ኮከባቸው ገጠመ ይባላል። ልጅቱ ደግሞ ስሟን ራስዋ የመረጠች እንጂ በተጻፈላት ዕድል የምትሄድ አይደለችም። ስለዚህ ስሙን እንዳለ ትተነዋል። ሁለተኛው ችግር ወደ መጽሐፉ ጭብጥ የሚያስገባ ሆኖ አግኝተነዋል፤ ይኸውም «መለየት» የሚለው ቃላችን ነው። ከሌላው ያልተመሳሰለ ሰው የተለየ ነው። የተመረጠ ዕቃ ልዩ ነው። ወዳጁን ተሰናብቶ የሄደ ተለየ ይባላል፤ የሞተም ከዚህ ዓለም ተለየ ይባላል። እናት ልጇን በድምፁ ብቻ ከመቶ ልጅ መካከል ትለየዋለች። ስፒኔሊ መጽሐፍ ሙሉ የፈጀበትን ጉዞ ይህ አንድ ግሥ ይናገረዋል፤ ልጅቱ ልዩ ሆና ትመጣለች፣ ከሰው ትለያለች፣ በመጨረሻም ተለይታቸው ትሄዳለች። አንባቢ ይህን ልብ እያለ ቢያነብ መልካም ነው።

የመጽሐፉ ልብ በእኛ አስተያየት የሚገኘው በቅርጫት ኳሱ ላይ ነው። የማይካ ቡድን ሲሸነፍ የኖረ ቡድን ነበር፤ ተመልካቹም ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ስታርገርል የራሷ ቡድን ሲያገባ ትጨፍራለች፤ ተጋጣሚው ሲያገባም ትጨፍራለች። ሁሉም ይስቃል። በዚያው ዓመት ግን ቡድኑ ሳይታሰብ ማሸነፍ ይጀምርና አዳራሹ ይሞላል። ሽንፈትን እንደ ዕጣው ተቀብሎ የኖረው ሕዝብ የድል ጣዕም በቀመሰ ጊዜ የልጅቱ ጭፈራ ክሕደት ይሆናል። ደራሲው እዚህ ላይ ያሳየን ነገር ትልቅ ነው። የልጅቱ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፤ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። የተለወጠው የተመልካቹ ሁኔታ ነው። የሚያጣው ነገር የሌለው ሕዝብ ልዩ ሰው ሲያይ ይዝናናል፤ የሚሳሳለት ነገር ያገኘ ዕለት ያንኑ ሰው ጠላቴ ይላል።

ሰን ቫሊ ከተባለ ትምህርት ቤት ጋር በተደረገ ግጥሚያ የተጋጣሚው ዋና ተጫዋች ኮቫክ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ ይሰበራል። ስታርገርል ከቦታዋ ሮጣ ሄዳ ራሱን በጭኗ ላይ ታስደግፋለች፤ ታጽናናዋለች። ያን ዕለት ማይካ ያሸንፋል። በሚቀጥለው ግጥሚያ በግሌንዴል ሲሸነፉ ግን በደለኛዋ እርስዋ ሆና ትገኛለች። ቲማቲም ተወርውሮ ፊቷ ላይ ይፈርጣል። ኳስ በእጇ ያልነካች ልጅ ለሽንፈቱ ተጠያቂ የሆነችው በምን ሕግ ነው? ደራሲው ይህን አይመልስም፤ መመለስም አያስፈልገውም።

ይህ ምዕራፍ በማታ ሲነበብ ክበቡ ጸጥ ብሎ ነበር። ምክንያቱን የማያውቅ ያለ አይመስለንም። ባለፈው በጋ በተደረገው የብሎኮች የእግር ኳስ ውድድር ላይ ከእኛው ሰፈር የሆነች አንዲት ተማሪ፣ ተጎድቶ ለወደቀ የሌላ ማኅበረሰብ ተጫዋች ወደ ቤቷ ልትወስድ ከያዘችው ጀሪካን ውሃ ሰጠችው። ልጁ ጠጣ፣ ተነሣ፣ ጨዋታውም ቀጠለ። እኛ ባንድ ጎል ተሸነፍን። ከዚያ በኋላ «የማን ልጅ ናት?» የሚለው ጥያቄ ስንት ቀን እንደ ተጠየቀ፣ በምን ዐይነት ድምፅ እንደ ተጠየቀ አንባብያን ታስታውሳላችሁ። ልጅቱ ከዚያን ዕለት ወዲህ ሜዳ አልወጣችም። ውሃ የሚቀዳላትም ታናሽ ወንድሟ ነው። ይህ መጽሐፍ ለእኛ ምናችን ነው ለሚሉ ወገኖች የምንሰጠው የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነው።

በእርግጥ «የጠገበ አገር ጨዋታ ነው» የሚለው ነቀፌታ ሙሉ በሙሉ መሠረተ ቢስ ነው አንልም። ስታርገርል የምትመለስበት ቤት አላት፤ አባቷ ሥራ አለው፤ እናቷ አለች፤ ሲከፋትም ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ ከከተማው ይሄዳል። እኛ ዘንድ የሄደ የት ይሄዳል? ዛሬ የተገለለ ሰው ነገ ማለዳ ካገለሉት ሰዎች ጋር በዚያው ቧንቧ፣ በዚያው የራሽን ሰልፍ ላይ ይቆማል። ነገር ግን ነቀፌታው እዚህ ላይ ሲደርስ ተገልብጦ በራሱ ላይ ይወድቃል። በማይካ መገለል ማለት በአዳራሽ ውስጥ ሰላምታ ማጣት ነው። በእኛ አገር ግን ጎረቤት እድር ነው፣ ጎረቤት ባንክ ነው፣ ጎረቤት ሐኪም ቤት የሚያደርስ ቃሬዛ ነው። የገጠር ሰው አንዱን ሲቀጣ «እሳት አታጫጭሩት» የሚለው እኮ ይህን ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ መገለል ለጠገበው እንዲህ የሚያም ከሆነ፣ ሁሉን ያጣውንና ከሰው በቀር ምንም ያልቀረውን ስደተኛ ምን ያህል እንደሚያም ማስላት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የእነርሱ ከሆነው ይልቅ የእኛ የሆነው ይበዛል።

በዚሁ አንጻር አንድ በጣም ያስገረመን ቦታ አለ። ስታርገርል የማታውቀው ሰው መሞቱን ሰምታ ወደ ቀብሩ ትሄዳለች፤ ከቀብር በኋላም ወደ ሐዘንተኞቹ ቤት ትገባለች። በዚያ ያለች ሴት ማን ጠራሽ ብላ ታስወጣታለች። የክበባችን አባላት እዚህ ላይ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዲት እናት «እና ጥፋቷ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። በእኛ ዘንድ እኮ የማያውቁትን ሰው መቅበር የጨዋ ልጅ ሥራ ነው፤ የሚታማው የቀረው ነው። በዚህ ካምፕም ዘመድ የሌለው ሲሞት መቃብሩን የሚቆፍረው ማን እንደ ሆነ ይታወቃል። ታዲያ በማይካ ድፍረት የሆነው ነገር በእኛ ሰፈር ደንብ ነው ማለት ነው። ይህን በማየት አንዳንዶች «ልጅቱ የእኛን ባህል ነው የምትኖረው» ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። እኛ ግን ፈጥነን አንደሰትም። ለቅሶ የምንደርሰው ሐዘኑ ስለ ጠራን ነው ወይስ ብንቀር ምን እንባላለን ብለን? ሁለቱም ነው። ይሉኝታ ብዙ መልካም ሥራ ያሠራል፤ ይህን አንክድም። ያው ይሉኝታ ግን ለወደቀ ልጅ ውሃ መስጠትን ይከለክላል። ስታርገርል በለቅሶው ቤትና በኳስ ሜዳው ላይ የምታደርገው ነገር አንድ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን አንዱ ያስመሰግናል፣ ሌላው ያስወቅሳል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳባችን እንምጣ። መጽሐፉ በልጅቱ ስም ይጠራ እንጂ የእርስዋ ታሪክ ብቻ አይደለም። ታሪኩን የሚናገረው ሊዮ ነው፤ የመጽሐፉም ጥንካሬ ከዚህ ይመጣል። ደፋር ሰው ስለ ድፍረቱ ራሱ ቢተርክ ጉራ በሆነ ነበር። ስፒኔሊ ግን ወሬውን የሰጠው ላልደፈረው ነው። ሊዮ ክፉ ልጅ አይደለም። አይሳደብም፣ አይወረውርም። ልጅቱን ከልቡ ይወዳታል፤ በረሃው ላይ አብሯት ተቀምጦ ዝም ማለትን ከእርስዋ ይማራል። ነገር ግን በማግስቱ ትምህርት ቤት ሲገባ ሰላም የሚለው ሰው ያጣል። ሊዮ የሚወድቀው ባንድ ትልቅ ቀን አይደለም፤ ዛሬ አንድ ሰላምታ፣ ነገ አንድ ፈገግታ እየጎደለበት ጥቂት በጥቂት ነው የሚያልቀው።

አርቺ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ጡረታ የወጡ የጥንት አጥንት ተመራማሪ ናቸው፤ ተማሪዎችን በቤታቸው እየሰበሰቡ ያጫውታሉ። ሊዮ ጭንቀቱን ሲያዋያቸው ሳያባብሉ ሳይቆጡ፣ የማንን ፍቅር ታስበልጣለህ፣ የእርስዋን ወይስ የሌሎቹን የሚል ዐይነት ጥያቄ ያቀርቡለታል። ሊዮ መልሱን በአፉ አይናገርም፤ በሥራው ይመልሰዋል። እኛ መምህራን ከአርቺ የምንወስደው ነገር አለ። በመምህራን ማሠልጠኛ ያለፍን ሁሉ እንደምናስታውሰው፣ በማስተማር ልምምድ ጊዜ ክፍሉ ባንድ ድምፅ ሲመልስ «ትምህርቱ ገብቷቸዋል» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ባንድ ድምፅ የሚመልስ ክፍል ለተቆጣጣሪ ያምራል። ነገር ግን ከስድሳ ተማሪ መካከል ስንቱ እንደ ገባው፣ ስንቱ ጎረቤቱን እየሰማ አፉን እንዳንቀሳቀሰ ማንም አያውቅም። ሊዮ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ አፉን የሚያንቀሳቅስ ልጅ ነው። በየክፍላችን ስታርገርል ብትኖር አንድ ናት፤ ሊዮ ግን ሃምሳ ዘጠኝ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ለሃምሳ ዘጠኙ ነው።

በጽሑፍ ጥበብ ረገድ ከሁሉ የሚልቀው ክፍል የንግግር ውድድሩ ነው። ልጅቱ ሱዛን በሆነችበት ወራት ወደ ፊኒክስ ከተማ ሄዳ በግዛቱ የንግግር ውድድር አንደኛ ትወጣለች። በጉዞው ላይ ስትመለስ የሚጠብቃትን ሕዝብ፣ ጩኸቱንና ሆታውን አስቀድማ ታያለች፤ ለሊዮም ትነግረዋለች። ተራ በመሆኗና በማሸነፏ ይቅር የሚሏት ይመስላታል። ሲደርሱ ባዶ ግቢ ይጠብቃቸዋል፤ ሁለት መምህራንና አንዲት ወረቀት የያዘች ጓደኛዋ ዶሪ ዲልሰን ብቻ ቆመዋል። ደራሲው እዚህ ላይ ምንም አያጋንንም። ጥቂት ዐረፍተ ነገር ጽፎ ዝም ይላል። መመሳሰል ዋጋ ተከፍሎበትም ምሕረት እንዳላስገኘ አንባቢው ራሱ ያየዋል። ከዚያን ቀን በኋላ ልጅቱ ሱዛን መሆኗን ትተዋለች። ሊዮም ይተዋታል፤ ወደ ትምህርት ቤቱ የዳንስ ምሽት አብሯት አይሄድም። ብቻዋን መጥታ ያንን ሁሉ ሕዝብ በሰልፍ እያስጨፈረች ወደ በረሃው ጨለማ ይዛው ገብታ ትመልሰዋለች። ከዚያ ትጠፋለች።

ከአገራችን ሥነ ጽሑፍ ጋር ብናስተያየው ወዲያው የሚመጣልን ጉዱ ካሳ ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው ይህ የተማረ ሰው የመኳንንቱን ሥርዐትና የወግን ሸክም ፊት ለፊት ይናገራል፤ ሰዉም «ጉዱ» የሚል ቅጽል ሰጥቶ ያልፈዋል። ቅጽሉ ትልቅ መሣሪያ ነው፤ እብድ ካሉት በኋላ መልስ መስጠት አያስፈልግም። ስታርገርልም በማይካ እንዲሁ ይባልባታል፤ የውሸት ናት፣ ተዋናይ ናት፣ ከሌላ ዓለም ናት ይላሉ። ልዩነታቸው ግን ይህ ነው። ጉዱ ካሳ ይከራከራል፤ ስታርገርል አንድ ቀን እንኳ እንደኔ ሁኑ ብላ አትሰብክም፤ ታደርገዋለች፣ በቃ። እንደ ገጸ ባሕርይ ከመዘንናቸው ጉዱ ካሳ ይበልጣል ብለን እንፈርዳለን። ሐዲስ ለጉዱ ካሳ ቁጣ ሰጥተውታል፣ ምሬት ሰጥተውታል፣ ሐሳብ ሰጥተውታል። ስፒኔሊ ለስታርገርል የሰጣት ብርሃን ብቻ ነው። ቲማቲም ፊቷ ላይ ሲፈርጥ ማታ ቤቷ ገብታ ምን አለች? ለእናቷ ምን ነገረች? አናውቅም። ቅዱሳን እንኳ በገድላቸው ውስጥ ሲያለቅሱ ይታያሉ። ደራሲው ይህ ጉድለት ሳይሰማው አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ተከታይ መጽሐፍ ልጅቱ ራስዋ ለሊዮ በምትጽፈው ረጅም ደብዳቤ እንድትናገር አድርጓታል።

ሌላም እንከን አለ። ሂላሪ ኪምብል የምትባለዋ ተቃዋሚዋ ክፋቷ ያለ ምክንያት ነው፤ ለመጠላት ብቻ የቆመች ናት። በዳንሱ ምሽት ስታርገርልን በጥፊ ትመታታለች፤ ስታርገርልም ጉንጯን ትስማታለች። ይህ በመድረክ ቢታይ ያስጨበጭብ ይሆናል፤ በገጽ ላይ ግን የደራሲው እጅ ከመጋረጃው በታች ይታያል። በመጨረሻ ደግሞ ከዓመታት በኋላ በትምህርት ቤቱ ውስጥ በቀን አንድ መልካም ሥራ ለመሥራት ቃል የገቡ «የሱፍ አበባዎች» የሚባል ማኅበር መኖሩን ይነግረናል። በዚህ ላይ ክበቡ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሾቹ ደራሲው የገዛ ቢላዋውን አደነዘዘ ይላሉ። ሌሎቹ ይህ የዓለም ልማድ ነው፣ ነቢያትን የገደሉ ሰዎች ልጆች መቃብራቸውን ያስጌጡ የለምን ይላሉ። ሁለተኛው አነጋገር ጥሩ ነው፤ ግን ስፒኔሊ እንደዚያ ባለ ምሬት እንደ ጻፈው የሚያሳይ ነገር ከገጹ ላይ አላገኘንም።

የጸሐፊውን ሌላ ሥራ የሚያውቁ እንደሚሉት ሐሳቡ ለእርሱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 የኒውቤሪን ሜዳልያ ያስገኘለት «ማኒአክ ማጊ» ነጮችና ጥቁሮች ጎዳና ለይተው በሚኖሩባት ከተማ ድንበሩን እየተሻገረ ከሁለቱም ቤት ስለሚያድር ወላጅ አልባ ልጅ የሚተርክ ነው። ሁለቱንም ወገን የሚያቅፍና ከሁለቱም የሚገፋ ልጅ የዚህ ደራሲ የዘወትር ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ወላጆች ጥያቄ እንመለስ። ስታርገርል በእናት በአባቷ ላይ አታምፅም። መጽሐፉ ውስጥ የምታደርገውን ብንቆጥር፣ የማስታወቂያ ሰሌዳና ጋዜጣ እያነበበች ማን እንደ ታመመ፣ ማን ምን እንደ ቸገረው ትፈልጋለች፤ ስሟን ሳትጽፍ ካርድ ትልካለች፤ ሕፃናት እንዲያገኙት ሳንቲም መንገድ ላይ ትጥላለች። ይህን ልጄ ብታደርግ አልወድም የሚል ወላጅ ይኖራል ብለን አናምንም። የሚያስፈራው ሥራዋ ሳይሆን ፈቃድ ሳትጠይቅ ማድረጓ ነው፤ ይህን በግልጽ ብንነጋገርበት ይሻላል። ወንድ ልጅ ይህንኑ ቢያደርግ «ደግ ልጅ» ይባል እንደ ነበርም አንዘንጋ።

ልጆች ይኮርጃሉ የሚለው ስጋት ደግሞ መጽሐፉ ራሱ የመለሰው ነው። በማይካ አይጥ የገዙት፣ ዩኩሌሌ ያነሡት ተማሪዎች እነማን እንደ ነበሩ ልብ እንበል። ፊታቸውን ባዞሩባት ጊዜ ከመካከላቸው ከአጠገቧ የቆመ ማን ነበር? ዶሪ ዲልሰን ብቻ። ልዩ ሰውን በብዛት መቅዳትም ያው መመሳሰል ነው። ስለዚህ በክፍል ውስጥ ሲነበብ መምህሩ በቀሚሱና በአይጡ ላይ ጊዜ እንዳያጠፋ እናሳስባለን። ይልቅ ተማሪዎቹን ስለ ሊዮ ይጠይቅ፤ በየትኛው ገጽ ላይ ሌላ ነገር ማድረግ ይችል ነበር? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌ ልጆቻችን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያውቁታል፤ ለስደተኛም እጅግ የሚያስፈልግ ምሳሌ ነው። ድሩ ግን የታሰረው አንበሳ ይሁን ወይስ ውሃ የያዘች ልጅ ለይቶ አያውቅም። መለየት ያለበት የሚያብረው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ከዚሁ መጽሐፍ የተሠራ ፊልም አለ፤ በአንዳንድ ወጣቶች ስልክ ላይም ይገኛል። ፊልሙን ያየ መጽሐፉን አነበብኩ እንዳይል እንለምናለን፤ የሊዮ ውስጣዊ ሽሽት በሥዕል የሚታይ አይደለም።

ቋንቋው ቀላል፣ ምዕራፎቹ አጫጭር ስለ ሆኑ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ በመዝገበ ቃላት እየተረዳ ሊያነበው ይችላል። በእኛ በኩል መጽሐፉ ይነበብ የሚል አስተያየት ለትምህርት ኮሚቴው አቅርበናል፤ ኮሚቴው የወላጆችን ስብሰባ ከጠራ በኋላ ይወስናል። እስከዚያው የማታው ክበብ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከመጀመሪያው ምዕራፍ እንደገና ይጀምራል፤ እናቶችም እንዲመጡ ሰዓቱ ከራት በፊት ሆኗል። የአማርኛው ትርጉም በእጅ እየተጻፈ እስከ ኮቫክ መውደቅ ድረስ ደርሷል፤ የእጅ ጽሕፈታቸው የሚነበብ ሁለት ሰዎች ቢረዱን በቶሎ ያልቃል። ከዚህ ሂስ ጋር የማይስማሙ አንባብያን ተቃውሟቸውን ጽፈው ቢልኩልን ሳንቆርጥ እናወጣለን። ወረቀት ያጣ ሰው ከጽሑፍ ክፍሉ መጠየቅ ይችላል። መጽሐፉን የሚዋስ ሰው የካርቶኑን ሽፋን ከእሳትና ከፍየል ይጠብቅልን፤ ቅጂው አንድ ነው።